ፎቶግራፍ አይቶ ቅርስን መለየት፦ የጥሩ ግምት ሚዛን ከጋሞ ምድር

አንዱ የድንጋይ፣ የገል ወይም የፍርስራሽ ፎቶግራፍ ያቀርባል፤ ሌሎቹ ምንነቱን፣ ቦታውንና ዘመኑን ይገምታሉ። በእንቆቅልሽ ላደገ ሰው ጨዋታው እንግዳ አይሆንበትም፤ መልሱ የጠፋበት ሀገር ሰጥቶ ይገላገላል፣ ያወቀው ይሞገሳል። ይሁንና እንቆቅልሽ ጠያቂው አስቀድሞ የያዘው አንድ መልስ አለው። የቅርስ ፎቶግራፍ እንዲህ ያለ መልስ ላይኖረው ይችላል። አቅራቢው የሚያውቀው ከአስጎብኚ የሰማውን ስም ብቻ ይሆናል፤ ስሙ ትክክል ቢሆን እንኳ ዘመኑ ገና ያልተጠና፣ አገልግሎቱም ያከራከረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሙን ቀድሞ የጠራ ሁሉ የተሻለ ገማች ነው ማለት አይቻልም። የጥሩ ግምት ሚዛን ገማቹ ያየውን ካሰበው ለይቶ መናገሩ፣ ግምቱን የተሸከመችው ምልክት የትኛዋ እንደሆነች ማሳየቱ፣ ምን ቢገኝ ሐሳቡን እንደሚለውጥም መግለጹ ነው። ይህን ሚዛን ለመፈተን ከጋሞ ዞን የተሻለ ቦታ አላውቅም። በአርባ ምንጭ ዙሪያና ከከተማዋ በላይ ባሉት ደጋዎች የጥንቱ ቅርጽ ገና ከሠሪዎቹ እጅ አልወጣም፤ ካብ የሚክበውም ሆነ ሸክላ የምትሠራው ከአያቶች የተወረሰውን ዛሬም ይሠራሉ። መልክ አይቶ ዘመን የሚናገር ገማች የሚወድቀው እዚህ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተው የድንጋይ መሣሪያ ነው። በፎቶግራፉ ላይ አውራ ጣት የምታህል፣ አንድ ጠርዟ በተደጋጋሚ ምት የተሳለ የባልጩት ስባሪ አለች እንበል። የሙዚየም መስኮት የለመደ ዓይን ወዲያው «የድንጋይ ዘመን» ይላል። በጋሞ ደጋዎች ግን ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ እንዲህ ባለ የድንጋይ መፋቂያ ይሠሩ እንደነበር አርኪዮሎጂስቷ ካትሪን ዊድማን አርተር አብረዋቸው ውለው አጥንተዋል። ባለሙያዎቹ ሁለት ዓይነት እጀታ አላቸው፤ ዙካኖ የሚባለው መፋቂያውን በሙጫ አጣብቆ ይይዛል፣ ቱቱማ የሚባለው ግን ሙጫ አይፈልግም። የድንጋዩ ቅርጽም ከሚገባበት እጀታ ጋር ይዛመዳል፤ እጀታው እንጨት በመሆኑ በስብሶ ይጠፋና ለተመልካች የሚቀረው ድንጋዩ ብቻ ነው። በዚያ ላይ መፋቂያ በሥራ ብዛት ሲደነዝዝ እንደገና ስለሚሳል እያጠረ ይሄዳል። ጎን ለጎን ተቀምጠው ፎቶግራፍ የተነሡ አንድ ረጅምና አንድ አጭር መፋቂያ ሁለት ባህል ወይም ሁለት ዘመን ሊመስሉ ይችላሉ፤ ልዩነቱ ግን አንዱ ገና መሥራት መጀመሩ፣ ሌላው ሥራውን ጨርሶ መጣሉ ብቻ ሊሆን ይችላል። በኮንሶ ደግሞ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ የድንጋይ መሣሪያ ባየ ቁጥር ወንድ ሠሪን የሚያስብ ገማች ሥዕሉ ውስጥ የሌለ ነገር ከራሱ ጨምሯል።

እንዲህ ላለ ፎቶግራፍ የሚመሰገነው መልስ ይህን ይመስላል፦ መፋቂያ ነው፣ አንድ ጠርዙ ብቻ ተስሎ ሌላው ሳይነካ መቅረቱ ይህን ያሳያል፤ ሥሩ ላይ የሙጫ ቅሪት የሚመስል ጥቁረት ስላለ እጀታ ውስጥ ገብቶ የነበረ ይመስላል፤ ዘመኑ ግን ከዚህ ሥዕል አይነበብም፣ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ ይነገረኝ። መልሱ አጭር ነው፣ ግን እያንዳንዱ ሐረግ የሚመዘንበት ነገር አለው። ጥቁረቱ የካሜራ ጥላ መሆኑን ያየ ሰው ሁለተኛውን ሐረግ ይጥለዋል፤ የመጀመሪያው ግን ባለበት ይቆማል። ጅምላ መልስ ይህ ጥቅም የለውም። «የጥንት የድንጋይ መሣሪያ» ያለ ሰው ሲሳሳት የቱ ላይ እንደተሳሳተ አይታወቅም፤ ሲያገኝም ለምን እንዳገኘ አይታወቅም።

ሸክላም እንዲሁ ነው፣ እንዲያውም ትምህርቱ የበለጠ ግልጽ ነው። ፎቶ አንሺ ሁሉ ሸክላን ከውጭ ያነሣል፤ አፉን፣ ጌጡን፣ የሆዱን ክብነት ያሳያል። አርኪዮሎጂስቱ ጆን አርተር በጋሞ ሸክላ ሠሪዎችና ተጠቃሚዎች ዘንድ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ከግኝቶቻቸው ሁሉ ለዚህ ጨዋታ የሚበጀው ስለ ዕቃው ውስጠኛ ገጽ የጻፉት ነው። የእህል መጠጥ የሚብላላበት ማድጋ ውስጡ በመጠጡ ኮምጣጣነት እየተበላ ይሄዳል፤ ግድግዳው ይቦረቦራል፣ ልስኑ ይረግፋል። ለመጠጥ የሚሆን እህል የሚተርፈው ደግሞ ለባለጸጋ ቤት ስለሆነ፣ ከውጭ ተራ የሚመስል ማድጋ በውስጡ ጉዳት የባለቤቱን ኑሮ ይናገራል። እንግዲህ የአንድን እንሥራ ውጫዊ ጌጥ አይቶ ስለ ባለቤቱ ሀብት የሚያወራ ገማች የተሳሳተውን ገጽ እያነበበ ነው። ዋጋ ያለው መልስ «ውስጡን አንሡልኝ» ብሎ የሚጀምር ነው። የቀረበለትን ሥዕል ብቻ ሳይሆን ያልቀረበለትን የሚጠይቅ ሰው የቅርስን ሥራ ያውቃል፤ እኔም ስሙን ቀድሞ ከጠራው ይልቅ ለዚህ ሰው ብልጫውን እሰጣለሁ።

የቆሙ ድንጋዮች ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ባለሙያዎችም ሳይቀሩ በብዙ መቶ ዓመታት ሲታረሙ ታይተዋል። ለአንድ ኢትዮጵያዊ የትክል ድንጋይ ፎቶግራፍ ሲቀርብለት ከአፉ የሚወጣው አክሱም ወይም ጢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ጢያ 36 ድንጋዮች አሏት፤ ከነዚህ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፣ የሰይፍ ምስል ያለበትን ያየ ሰውም በቀላሉ አይስተውም። የጌዴኦዎቹ ትክል ድንጋዮች መልካቸው ሌላ ነው፤ ብዛታቸውም ሌላ ነው። ዘመናቸው ለረጅም ጊዜ ከመካከለኛው ዘመን አይዘልም ተብሎ ሲገመት ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በሳካሮ ሶዶ የቆሙትን ወደ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን መለሳቸው፤ ከቀድሞው ግምት 1000 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ማለት ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ድንጋዮቹ ትናንት የቆሙበት ቦታ ላይ ነበሩ፣ ቅርጻቸውም አልተለወጠም። የተለወጠው ከሥራቸው ያለው ማስረጃ ሲነበብ የተገኘው ዕድሜ ነው። ከዚህ በኋላ የአንድን ትክል ድንጋይ ፎቶግራፍ አይቶ መቶ ክፍለ ዘመን የሚጠራ ሰው ከወዴት እንዳመጣው ሊጠየቅ ይገባል። መጽሐፍ ላይ ካነበበው ቦታ ጋር አመሳስሎ ከሆነ እንደዚያ ብሎ ይናገር፤ ከድንጋዩ ፊት አነበብሁት ካለ ግን አይታመንም።

ይህን የሚያባብሰው ትክል ድንጋይ ማቆም በደቡብ ያለቀ ታሪክ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የኮንሶ መልክዓ ምድር፣ ትውልድ ለትውልድ ኃላፊነት ሲያስረክብ ድንጋይ ማቆም የኅብረተሰቡ ሥርዓት አካል ነው። ስለዚህ በአንድ አደባባይ ከቆሙት ድንጋዮች አንዱ የቅድመ አያት፣ ሌላው የቅርብ ዘመን ሰው ሥራ ሊሆን ይችላል። በጋሞም ዱቡሻው አለ። ሣር በለበሰ አደባባይ ላይ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ፣ የመቀመጫ ድንጋዮች ተደርድረው የሚያሳይ ፎቶግራፍ ለማያውቅ ሰው የፈረሰ መቅደስ ወይም የተረሳ የመቃብር ቦታ ይመስለዋል። ዱቡሻ ግን ሕዝብ የሚመክርበት፣ አባቶች የሚዳኙበት፣ ጠብ የሚበርድበት ቦታ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ለምለም ሣር ይዘው በመንበርከክ የተቆጡ ወጣቶችን የመለሱት የጋሞ አባቶች ያደጉት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። ይህን ቦታ «ፍርስራሽ» ብሎ መሰየም ከስህተትም በላይ ነው፤ ባለቤት ያለውን ባለቤት የሌለው ያደርገዋል። ጥሩ ገማች ቸልተኛ ካልሆነ ምልክቱ ከፊቱ አለ፦ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ሣር ተረግጦ መተኛቱ፣ የመቀመጫው ገጽ በመቀመጥ ብዛት መለስለሱ፣ ወደ አደባባዩ የሚገባው መንገድ ክፍት መሆኑ። ሰው የተወው ቦታ ቁጥቋጦ ይውጠዋል፤ ሰው የሚሰበሰብበት ግን አይውጠውም።

የካብ ፎቶግራፍ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጋሞ ደጋ የእርከን ካብ፣ በኮንሶ ከዚያ የሚበልጥ የእርከን ካብ፣ በዳውሮ ደግሞ በንጉሥ ሀላላ ስም የሚጠራው የመከላከያ ካብ አለ። ሦስቱም ያለ ማያያዣ የተካቡ ናቸው፤ ከፊት ብቻ ከተነሡ ሊለያዩ አይችሉም ማለት ይቻላል። የሚለያቸው የካቡ ጀርባ ነው። የእርከን ካብ አንድ ፊት ብቻ አለው፤ ከኋላው አፈር እስከ አናቱ ሞልቶ ማሳ ሆኗል። የመከላከያ ካብ ግን ሁለት ፊት አለው፣ በሁለቱም በኩል መሬቱ ዝቅ ይላል፣ በር የሚሆን ክፍተትም ይተዉለታል። ይህን የሚያውቅ ሰው ፎቶግራፉ በጎን የተነሣ እንደሆነ በእርግጠኝነት ይናገራል፤ በፊት የተነሣ እንደሆነ ሁለቱንም ዕድሎች ያስቀምጣል። ማያያዣ አለመኖሩን የጥንታዊነት ማስረጃ የሚያደርጉም አሉ። የሓ ላይ ያለው ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ መቅደስ ያለ ማያያዣ የተገጣጠመ ጥርብ ድንጋይ ነው፤ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመኑ የፋሲል ግንብ በኖራ የታነጸ ነው፤ ከእነዚህ ከሁለቱ ብቻ ተነሥቶ «ኖራ ከሌለው ጥንት ነው» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ነገር ግን ባለፈው በጋ የተካበ የጋሞ እርከንም ኖራ የለውም። የሥራ ዘዴ የሚነግረን ሠሪው ምን እንደነበረውና ምን እንደፈለገ ነው፤ የተሠራበትን ቀን የሚነግረን እምብዛም ነው።

በጨዋታው ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ግን ዕቃውን ትቶ ከበስተኋላው ያለውን የሚያነብ ሰው ነው። ቀይ ቡኒ ውኃ ያየ ዓባያ ሐይቅ ይላል፣ ጠራ ያለውን ያየ ጫሞ ይላል፤ የእንሰት ቅጠል ካየ ደግሞ ደቡብ ደጋ ብሎ ይቆርጣል። ይህ ጥበብ ነው፤ አልንቀውም። ፎቶግራፉ የት እንደተነሣ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ ላይኖር ይችላል። ዕቃው ከየት እንደመጣ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው 24 ሜትር ገደማ የሚረዝም የአክሱም ሐውልት በ2005 ከመመለሱ በፊት በዚያ ቆሞ ሳለ የተነሡት ፎቶግራፎቹ ከኋላው የሮምን ጎዳና ያሳያሉ። በትልቁ የታየው ይህ ነገር በትንሹ በየገበያውና በየሰብሳቢው ቤት ይደገማል፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ማድጋ የጠረጴዛው አገር ተወላጅ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከዳራው ተነሥቶ ትክክለኛ ቦታ የጠራ ገማች ሙሉ ነጥብ የሚገባው «ቦታውን ያወቅሁት ከሐይቁ ነው፣ ስለ ዕቃው ግን የምለው ይህን ያህል ብቻ ነው» ሲል ነው።

መጠንም እንዲሁ ያታልላል። መለኪያ ዘንግ ወይም ሰው ያልቆመበት ፎቶግራፍ የጉልበት ቁመት ያለውን ድንጋይ ሐውልት፣ ሐውልቱን ጠጠር ያስመስላል። የዶርዜ ቤት ደግሞ በመለኪያም ቢሆን የሚያስት ነገር አለው፤ ከቀርከሃ ተሠርቶ እስከ 12 ሜትር ከፍ የሚለው ቤት ሥሩን ምስጥ ሲበላው ከታች እየተቆረጠ ዝቅ ይላል፤ ትንሽ ሆኖ የታየው ቤት በትንሹ የተሠራ ሳይሆን ብዙ ዓመት የቆመ ሊሆን ይችላል። የብርሃን ነገርም አለ። በቀትር የተነሣ ድንጋይ ቅርጹ ይጠፋል፤ በጧት ወይም በሠርክ፣ ብርሃኑ በጎን ሲያርፍ፣ ቀትር ላይ ያልታየው ጭረት ይወጣል። በቀትር ፎቶግራፍ «ቅርጽ የለውም» ያለ ሰው ማለት የነበረበት «አይታየኝም» ነው።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚቃወሙ አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። አንደኛው «ጨዋታ ነው፤ ለምን ፍርድ ቤት ታደርጉታላችሁ?» የሚለው ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከፍተኛ ሊቃውንት በአደባባይ የተጫወቱት ነው። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም በ1951፣ የብሪታንያው ቢቢሲ በ1952 ሊቃውንት ያልተነገራቸውን ዕቃ ምንነት የሚገምቱበት የቴሌቪዥን ዝግጅት ጀምረው ነበር፤ በቢቢሲው ዝነኛው አርኪዮሎጂስት ሞርቲመር ዊለር ይሳተፉ ነበር። ዝግጅቱ ተመልካች ያገኘው ሊቁ ዕቃውን ሲያገላብጥ፣ ሐሳቡን ጮክ ብሎ ሲያስብ ለማየት ነው። ደስታው ያለው ከምልክት ወደ ሐሳብ በሚሄደው መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱን ያስቀረ መልስ የጨዋታውንም ደስታ ያስቀራል። ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል፦ እነዚያ ሊቃውንት ዕቃውን በእጃቸው ይዘው ነበር፤ ክብደቱን፣ ልስላሴውን፣ ሲነካ የሚያወጣውን ድምፅ ያውቃሉ፤ ፎቶግራፍ ይህን ሁሉ ስለሚነፍግ ከፎቶግራፍ መገመት ከንቱ ነው ይላል። ስለሚነፍገው ነገር እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን አይከተልም። ፈረንሳዊው አባ አዛኢስና ባልደረባቸው ሻምባር በ1920ዎቹ ደቡብ ኢትዮጵያን ዞረው ያነሷቸውና በ1931 በመጽሐፍ ያሳተሟቸው የትክል ድንጋይ ፎቶግራፎች፣ ድንጋዮቹ በዚያን ጊዜ የነበሩበትን ሁኔታ ዛሬ ሌላ ምንም ሊነግረን በማይችለው መንገድ ይዘዋል። ፎቶግራፍ የሚችለውን ያህል ይመሰክራል፤ የገማቹ ብቃትም ወሰኑን ማወቁ ላይ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ አዲስ ነው፦ ኮምፒውተር ሥዕሉን አይቶ በቅጽበት ስም ይሰጣል፣ ታዲያ የሰው ግምት ለምን? ማሽኑ የሚሠራው ቀድሞ ስም ተሰጥቷቸው ከተከማቹ ሥዕሎች ጋር በማመሳሰል ነው። አክሱምና ላሊበላ በብዛት ተነሥተዋል፤ የቦረዳ ወይም የጨንቻ ዱቡሻ ግን በጥቂቱ። ስለዚህ ማመሳሰሉ የሚሳበው ወደ ተደጋገመው ነው፤ ይህም «አክሱም ነው» ብሎ የሚቸኩል ሰው ስህተት ራሱ ነው። ማሽንም ሆነ ሰው የሚመዘንበት ሚዛን አንድ ነው፦ የትኛዋን ምልክት አይተህ ነው? አራተኛው ደግሞ «ሁሉን ከተጠራጠርን ምንም አናውቅም» የሚል ነው። ከላይ ያየነው ግን ይህን አያሳይም። የማድጋ ውስጠኛ ጉዳት፣ የካብ ጀርባ፣ የሙጫ ቅሪት፣ የተረገጠ ሣር፤ እነዚህ ሁሉ አንድን ነገር በልበ ሙሉነት ለመናገር የሚያበቁ ናቸው። የማያበቁት ሌላ ጥያቄ ላይ ነው። ጥርጣሬን በየጥያቄው ከፋፍሎ የሚያስቀምጥ ሰው ከሁሉም ይልቅ ብዙ ነገር በእርግጠኝነት ሊናገር ይችላል።

ከጋሞ የወጣው ታላቁ ግኝት የፎቶግራፍን ወሰን ከማንም በላይ ያሳያል። የሞታ ዋሻን አፍ በፎቶግራፍ ያየ ሰው የሚያየው ዓለትና ጥላ ነው። ካትሪንና ጆን አርተር ከባልደረባቸው ማቲው ከርቲስ ጋር በአካባቢው ሰዎች መሪነት እዚያ ደርሰው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲቆፍሩ 4500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሰው አጽም አገኙ፤ ባይራ ተባለ። ከጆሮው አካባቢ ካለው ጠንካራ የራስ ቅል አጥንት የተገኘው ዘረመል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ሲታተም፣ ሙሉ ዘረመሉ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ አፍሪካዊ ሆነ። ከዚህ አንዱም በፎቶግራፍ አይታይም። ያንኑ ያህል የማደንቀው ቀጥሎ የሆነው ነው። የጥናቱ አዘጋጆች ከአውሮፓና እስያ ወደ አፍሪካ የተመለሰው የዘር ፍሰት መላውን አህጉር አዳርሷል ብለው ነበር፤ በ2016 መጀመሪያ ላይ በኮምፒውተር ትንተናው ላይ ስህተት ማግኘታቸውን አሳወቁ፣ የፍሰቱን ትልቅ ድርሻ በምሥራቅ አፍሪካ ወሰኑት።  አጽሙ፣ ዕድሜውና ዘረመሉ ባሉበት ጸኑ፤ የወደቀው አንዱ መደምደሚያ ብቻ ነው። በፎቶግራፍ ጨዋታም የምፈልገው መልስ እንዲሁ ተከፋፍሎ ሊታረም የሚችለውን ነው።

አንድ ነገር ከነጥብ አሰጣጡ ውጭ ሊቀር አይገባም። ፎቶግራፉ ገና ያልተመዘገበ መቃብር ወይም ከመሬት ብቅ ያለ ዕቃ የሚያሳይ ከሆነ፣ ትክክለኛ ቦታውን በአደባባይ የሚናገር ገማች ቆፍሮ ለሚሸጥ ሰው መንገድ ያሳያል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ይጠይቃል፤ ያለ ፈቃድ መቆፈርንም ይከለክላል። ስለዚህ ዓይነቱንና አገልግሎቱን ተናግሮ ቀበሌውን ያልጠራ፣ አቅራቢውን ግን ዕቃውን ሳያነሣ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንዲያሳውቅ የመከረ ሰው ነጥቡ ሊቀነስበት አይገባም። ቦታውን በትክክል ያወቀ ሆኖ በዝምታ ያለፈውንም፣ ያወቀበትን ምልክት ለብቻው ለአቅራቢው ካሳየ፣ እኔ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።